ዲየን ቢየን ፉ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

የዛሬው ርዕስ በሰሜን ምዕራብ ቬትናም፣ ላኦስ ድንበር አጠገብ የተደረገውና የፈረንሳይን የኢንዶቻይና (ቬትናም፣ ላኦስና ካምቦዲያ) ቅኝ ግዛት ያከተመው የ1954ቱ ውጊያ ነው። ከዓድዋው ቀን በስተቀር አቆጣጠሩ በሙሉ የፈረንጆች ነው።

ጥያቄ፦ ዙሪያውን በተራራ የታጠረ ሸለቆ ውስጥ መመሸግ ምን የሚሉት ብልሃት ነው?

ብልሃቱ ከአንድ ዓመት በፊት ለፈረንሳዮች ሠርቶላቸው ነበር። በ1952 መጨረሻ ናሳን በተባለ ቦታ በአየር ብቻ ስንቅ የሚደርሰው ምሽግ ሠርተው ለነጻነት የሚዋጋውን የቬትናም ንቅናቄ የቪየት ሚንን ጦር፣ በጄኔራል ጂያፕ የሚመራውን፣ ክፉኛ መትተው መልሰዋል። የኢንዶቻይናው የፈረንሳይ ጦር አዛዥ ጄኔራል ናቫር ያንኑ ለመድገም፣ የላኦስንም መንገድ ለመዝጋት ኖቬምበር 20 ቀን 1953 አየር ወለዶችን ዲየን ቢየን ፉ አወረደ። ነገር ግን ናሳን ላይ ከፍታዎቹን የያዙት ፈረንሳዮች ነበሩ። ይህኛው ሸለቆ ቁመቱ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ተራሮቹን ሁሉ ልያዝ ቢባል የነበረው ሰው አይበቃም። ከሃኖይም 300 ኪሎ ሜትር ግድም ስለሚርቅ፣ ተዋጊ አውሮፕላን ደርሶ በላዩ የሚቆይበት ጊዜ አጭር ነበር።

ጥያቄ፦ አንድ ብስክሌት 200 ኪሎ ተሸከመ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ግን የሚገፋ እንጂ የሚነዳ አልነበረም። መሪው ላይ ረጅም ቀርከሃ ወደ ጎን ይታሰራል፣ ከኮርቻው ቦታ ሌላ እንጨት ቀጥ ብሎ ይተከላል። ገፊው ከጎን እየሄደ በአንዱ እጁ አቅጣጫ ይይዛል፣ በሌላው ሚዛን ይጠብቃል። የጎማው ከመነዳሪ እንዳይፈነዳ ጨርቅ ይጠቀለልበታል።

ጥቅሙ የሚገባችሁ የተሸካሚውን ሆድ ስታስቡ ነው። ሩዝ በትከሻው የያዘ ሰው ረጅም መንገድ ሲሄድ ከሸክሙ አብዛኛውን ራሱ በልቶ ይጨርሰዋል። በብስክሌት የሚገፋው ግን የብዙ ሰው ጭነት ይዞ የሚበላው ያንድ ሰው ነው። ወደ 20,000 ብስክሌትና ከ250,000 በላይ ሲቪል ተሸካሚ ተሰልፏል። ያም ሆኖ ብስክሌቱ ሲወደስ የሶቪየት የጭነት መኪኖቹ ይረሳሉ። መድፉንና ከባዱን ጥይት ያመላለሱት እነሱ ናቸው፤ የኮርያ ጦርነት በጁላይ 1953 ተኩስ አቁም ካገኘ በኋላ የቻይና እጅ ወደ ደቡብ ስለተፈታ።

ጥያቄ፦ የፈረንሳይ መድፈኞች የቪየት ሚንን መድፍ ዝም ማሰኘት ለምን አቃታቸው?

የመድፍ አዛዡ ኮሎኔል ፒሮት የጠላት መድፍ በተለመደው መንገድ ከተራራው ጀርባ ሆኖ እንደሚተኩስ ገምቶ ነበር፤ እንዲያ ከሆነ ብልጭታውን አይቶ መምታት አይከብድም። ጂያፕ ግን መድፎቹን ወደ ሸለቆው በሚያየው ፊት ላይ፣ እያንዳንዱን ለብቻው በተቆፈረ ዋሻ ውስጥ ተከለ። የሚታየው አፈሙዙ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ለማታለያ የእንጨት መድፍ አቁሟል።

የፈረንሳይ መድፎች ደግሞ በሁሉም አቅጣጫ እንዲዞሩ ተብሎ ጣሪያ በሌለው ጉድጓድ ተቀምጠው ነበርና ተኳሾቹ ለጠላት መድፍ ተጋለጡ። ከ24ቱ ባለ 105 ሚሊ ሜትር መድፎች ግማሽ ያህሉ በደቡብ ጫፍ ኢዛቤል ምሽግ ነበሩ፤ ጥይታቸው በሰሜን ጫፍ ያለው ጋብሪኤል ምሽግ አይደርስም። ማርች 13 ቤያትሪስ የተባለው ምሽግ ወደቀ፣ በማግስቱ ሌሊት ጋብሪኤል ተከተለ። ፒሮት በእጅ ቦምብ ራሱን ገደለ።

ጥያቄ፦ ጂያፕ መጀመሪያ ሊያጠቃ ያሰበው በጃንዋሪ ነበር፤ ለምን ተወው?

ጃንዋሪ 25 ተቆርጦ ነበር። መድፉ ቦታውን አልያዘም፣ ምሽጉም እየጠነከረ ሄዷል። «ፈጥኖ መትቶ ፈጥኖ ማሸነፍ» የሚለውን ሰርዞ «ቀስ ብሎ፣ ተረጋግጦ» ወደሚለው ዞረ። በሰው ጉልበት በገመድ ሽቅብ የተጎተቱት መድፎች እንደገና ወደ ታች ተጎተቱ። በእኔ ሚዛን ውጊያውን የወሰነው ይህ ትእዛዝ ነው።

ጥያቄ፦ በፓራሹት ስንቅ እየወረደላቸው ፈረንሳዮቹ እንዴት ተራቡ?

አውሮፕላን ማረፊያው ማርች መጨረሻ ላይ ተዘጋ። ፀረ አውሮፕላን መድፉ አብራሪዎቹን ከፍ ብለው እንዲጥሉ አስገደዳቸው፤ የያዙት መሬት በየቀኑ እየጠበበ ስለሄደ የሚጣለው ጭነት ጠላት ጋ ያርፍ ጀመር። የሚያስገርመው፣ ሁለቱም ወገን አሜሪካ ሠራሽ 105 ይተኩስ ነበርና የፈረንሳይ ጥይት ተመልሶ ፈረንሳዮቹን መታ።

ጥያቄ፦ ከዓድዋ ጋር ይነጻጸራል?

ውጤቱ ይመሳሰላል፦ እዚያ የጣሊያኑ የክሪስፒ፣ እዚህ የፈረንሳዩ የላኒየል መንግሥት ወደቀ። አካሄዱ ግን ይለያል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ባራቲዬሪ ራሱ ወጥቶ ሄደ፤ ነገሩም ባንድ ቀን አለቀ። ይበልጥ የሚቀራረበው ከዓድዋ ቀደም ብሎ የተደረገው የመቀሌ ከበባ ነው። በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ ሲያዝ ምሽጉ በጥማት ተሸነፈ። የዲየን ቢየን ፉ ምንጭ አውሮፕላን ማረፊያው ነበር።

ጥያቄ፦ ፈረንሳይ ሌላ ብዙ ጦር እያላት ባንድ ሸለቆ ለምን ጦርነቱን ተወች?

ምክንያቱ ቀኑ ነው። ምሽጉ ሜይ 7 ወደቀ፤ የጄኔቫው ጉባኤ ስለ ኢንዶቻይና መነጋገር የጀመረው ሜይ 8 ነው። አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሜንዴስ ፍራንስ በ30 ቀን ስምምነት ካላመጣሁ እለቃለሁ አለ፤ ጁላይም አገሪቱ በ17ኛው ትይዩ (የኬክሮስ መስመር) ተከፈለች። እስከዚያው ደም መፍሰሱ አልቆመም፦ በጁን መጨረሻ የፈረንሳይ 100ኛው ተንቀሳቃሽ ጓድ ማንግ ያንግ መተላለፊያ አካባቢ ተደመሰሰ።

ጥያቄ፦ ሜይ 7 ሁሉም እጁን ሰጠ?

በዋዜማው ማታ ፈረንሳዮች በያዙት ኤሊያን 2 ኮረብታ ሥር ቪየት ሚን በቆፈረው ዋሻ አንድ ቶን ያህል ፈንጂ ፈነዳ፤ በማግስቱ ከቀትር በኋላ ዋናው ሰፈር ዝም አለ። ኢዛቤል ግን ሌሊቱን ሰብሮ ለመውጣት ሞከረ፤ የተሳካላቸው ጥቂት ናቸው። ከ10,000 በላይ ከሆነው ምርኮኛ ወደ አገሩ የተመለሰው 3,300 ያህሉ ነው፤ የሞቱት ይበልጡኑ በረጅሙ ጉዞና በተቅማጥ ነው።