የቀበሌ ቤት ሲያፈስ ምክር ቤቱ ምን ይሠራል?

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እናትሽ ሰኞ ገበያ አካባቢ በቀበሌ ቤት ይኖራሉ፤ የጓሮው ግድግዳ ከክረምት ወዲህ ወደ ውስጥ አጋድሏል፤ ስድስት አባወራ የሚጠቀምበት ሽንት ቤት ሞልቷል፤ ቀበሌው ደግሞ «በጀት የለም» ይላል። «ምክር ቤት የሚባለው ለዚህ ይረባል ወይስ አዋጥተን ራሳችን እንጠግን?» ነው ያልሽው። እኔ ደሴ ውስጥ የቀበሌ ቤት ውስጥ ተወልጄ እስከ ዛሬም እዚያው ነኝ፤ በመካከሉ አንድ የምርጫ ዘመን የቀበሌ ምክር ቤት አባል ሆኜ ከጠረጴዛው ማዶም ተቀምጫለሁ። ትንሽ ይረዝማልና ታገሺኝ።

በመጀመሪያ፣ ምክር ቤት ቤት አይጠግንም። አናጺም ቆርቆሮም የለውም። ያለው አስፈጻሚውን፣ ማለትም የቀበሌውን ኃላፊዎች፣ ጠርቶ የመጠየቅና ወርዶ የማየት ሥልጣን ነው፤ በጀት ሲጸድቅ ደግሞ እጁን ያወጣል ወይም አያወጣም። አብዛኛው ሰው ይህን ሳይለይ ሄዶ «ጣራዬን ሥሩልኝ» ይላል፤ አባሉም «እናስተላልፋለን» ይለዋል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ቤቶቹ ለምን እንዲህ እንደሆኑ ማወቅም ለክርክር ይጠቅምሻል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፣ ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ለቀበሌ የደረሱት ገና ከጅምሩ ደካሞቹ ነበሩ ማለት ነው፤ ባሕር ዛፍ፣ ጭቃና ጭድ። እኛ ቤት ኪራዩ በወር 8 ብር ነው። በስብሰባ ላይ «በ8 ብር ምን ትጠብቃላችሁ?» የሚል ኃላፊ ሰምቻለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ኪራዩን የተመነው ተከራዩ አለመሆኑና በየዓመቱ ምርጊቱን እየለሰነ ቤቱን ያቆመው ተከራዩ መሆኑ ነው።

አንድ ቀን የሆነውን ልንገርሽ። የቀረበልን ሪፖርት አሥራ አንድ ቤቶች ታድሰዋል ይላል። ከቀበሌው ኃላፊ ጋር ለመስክ ምልከታ ወጣን። ከአሥራ አንዱ የሰባቱ የታደሰው አጥራቸው ነው፤ ያውም መንገድ ዳር ያለው ብቻ፣ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ። ልንመለስ ስንል አንዲት እናት «ሳትቀምሱማ አትሄዱም፣ ቡና ተፈልቷል» ብለው አስገቡን። አቦሉ እንደተቀዳ ዝናቡ ወረደ። እናታችን ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ሁለት ድስትና አንድ ሳፋ አንሥተው ቦታ ቦታ አስያዙ፤ ወደ ጣራው እንኳ ቀና አላሉም፤ ጠብታው የት እንደሚያርፍ በቃላቸው ያውቁታል። ኃላፊው ሲኒውን እንደያዘ ወንበሩን ሁለት ጊዜ አዛወረ። የእርሳቸው ጣራ መስከረም ሳይጠባ ተቀየረ።

የጎረቤታቸው ግን አልተቀየረም። እኩል ያፈስሳል፤ ነገር ግን እዚያ ቤት ቡና የጠጣ የለም፣ የተጻፈ አቤቱታም የለም። ሪፖርቱን ያዘጋጀው ሰው ባዶ እጁን አልመጣም ነበር፤ እኛ ባዶ እጃችንን ነበርን። ስለዚህ ጉዳዩን አባሉ ሊጠይቅበት በሚችል ወረቀት አድርጊው።

የእናትሽን ስም ብቻ ይዘሽ አትሂጂ፤ ስድስቱም አባወራዎች በየቤት ቁጥራቸው ይፈርሙ። «ግድግዳው ተበላሽቷል» አትበሉ፤ ርዝመቱን፣ ስንት ጣት እንዳጋደለ፣ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደሆነ ጻፉ፤ ፎቶግራፍ አያይዙ። የምትጠይቁትም ባለሙያ ተልኮ የጉዳቱን መጠን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ይሁን፤ ጥገናው በዚያ ላይ ይመጣል። መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን ተቀበሉ፤ ግልባጩ ለምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ይድረስ። ከዚያ ለሰፈራችሁ ተወካይ «በዚህ ቀን በዚህ ቁጥር ለገባው አቤቱታ ምን ምላሽ ተሰጠ?» የሚል አንድ ጥያቄ ስጡት። እንዲህ ያለው ጥያቄ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል፤ የሰፈረ ነገር ደግሞ በሚቀጥለው ጉባኤ መልስ ይፈለግለታል።

ጊዜውን አትሳቱ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሰው ሁሉ አቤት የሚለው ክረምቱ ጣራው ላይ ሲወርድ ነው፤ ያኔ ግን በጀቱ ተደልድሏል፤ «የለም» የሚሉሽም ሁልጊዜ ውሸታቸውን አይደለም። ወረቀቱ ዕቅድ ሲዘጋጅ፣ ጥርና የካቲት ላይ መድረስ አለበት። ደግነቱ የእኛ አገር የበልግ ዝናብ ራሱ ያስታውሳል።

ሽንት ቤቱን ከግድግዳው ለይታችሁ አመልክቱ። ደጃፍ ላይ የሚፈስ ፍሳሽ የጤና ጉዳይ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ይዛችሁ ሂዱ። ባየሁት ልክ ምክር ቤት ከጣራ ይልቅ ለሽንት ቤት ፈጥኖ ይነሣል፤ ጣራ የሚያፈስሰው በነዋሪው ላይ ብቻ ነው፣ ሽታው ግን አባላቱም በሚያልፉበት መንገድ ነው። እኛ ግቢ መምጠጫ መኪናው በቁልቁለቱ ጠባብ መተላለፊያ አልገባ ብሎ ረጅም ቱቦ እስኪገኝ ሁለት ሳምንት ጠብቀናል፤ መንገዱን አስቀድማችሁ ለኩ።

ራሳችሁ ልትጠግኑ ካሰባችሁ በጽሑፍ ፈቃድ ያዙ። ያለ ፈቃድ ማገር የቀየረ ሰው ሕገወጥ ግንባታ ተብሎ ሲጉላላ አይቻለሁ። ደረሰኝ ሰብስቡ፤ ግን ከኪራይ ይታሰብልናል ብላችሁ አትመኩ፣ ለእኔ አንድም ቀን አልታሰበልኝም። በንዴት ኪራይ ማቆም ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፤ ከሳሽ ሆናችሁ ሄዳችሁ ተከሳሽ ትሆናላችሁ። ይቅርታ አድርጊልኝና፣ እናትሽ ደባል አስገብተው ከሆነም መጀመሪያ የሚነሣባችሁ ጉዳይ እርሱ ነው።

የኪራይ ካርኒ አትጣሉ። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ «ማኅደርህ የለም» ተብዬ ነበር። ያዳነኝ አባቴ በብስኩት ቆርቆሮ ያጠራቀማቸው ካርኒዎች ናቸው፤ እናቴ በየዓመቱ «ይህን ቆሻሻ ጣለው» እያለች ስትጨቃጨቅባቸው የነበሩት።

ቀበሌው ዝም ካለ ወደ ከተማው ምክር ቤት ውጡ። እዚያም ካልተሳካ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ከታች አመልክታችሁ የተሰጣችሁን መልስ ነውና ያ የገቢ ቁጥር እዚህም ያስፈልጋችኋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 እምነት ያጣንበትን ተወካይ ማንሣት እንደምንችል ይናገራል፤ ጣራ ስላፈሰሰ የተነሣ ተወካይ ግን በዕድሜዬ አላየሁም።

የእኛ ግቢ ያስገባው ማመልከቻ ቅጂ እጄ ላይ አለ፤ ብትፈልጊ እልክልሻለሁ። ዛሬ ማታ ግን የእናትሽን አልጋ ከዚያ ግድግዳ ሥር አንሱት።