የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለግዙፍ ሰው የሚሆን ስኬትቦርድ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ክብደቴ 104 ኪሎ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ87፣ የጫማ ቁጥሬ 46 ነው። የምነዳው የታናሽ ወንድሜን ስኬትቦርድ ሲሆን ስፋቱ 7.75 ኢንች ነው። ስታጠፍ ጎማው ጣውላውን ይነካና በአፍጢሜ ይደፋኛል። ሰፈር ውስጥ «አንተን የሚችል ቦርድ የለም» እየተባልኩ ነው። በቅርቡ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ስላለኝ ምን ዓይነት ዴክ (የሚቆምበትን ጣውላ) ላስመጣ?
ከማራኪ፣ ጎንደር

መልስ፦ የሚችልዎት ቦርድ አለ፤ እሱን አያስቡ። ተለቅ ያለ ሰው ዴክ ሲመርጥ በኪሎው ይጀምራል፤ ስህተቱም እዚያ ላይ ነው። ስፋቱን የሚወስነው ጫማዎ ነው፤ ርዝመቱን ደግሞ ቁመትዎ። ክብደትዎን የሚመለከተው ከዴኩ ሥር፣ ጎማዎቹን በሚይዘው ብረት (ትራክ) ላይ ያለው ላስቲክ፣ ማለትም ጎሚኒው ነው።

46 ቁጥር ጫማ ከነሶሉ 31 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የወንድምዎ ዴክ ስፋት 19.7 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ እግርዎን አግድም ሲያስቀምጡ በጣትም በተረከዝም በኩል ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወጣል። ያ የወጣው እግር ጣውላውን እንደ መፈንቅል ይጫነዋል፤ እርስዎ ትንሽ ሲያዘነብሉ ቦርዱ ብዙ ይጋደማል። ከ8.5 እስከ 8.75 ኢንች ያስመጡ፤ በሴንቲ ሜትር ከ21.6 እስከ 22.2 መሆኑ ነው። ጣትዎ አሁንም ጥቂት ይወጣል፤ ግን አይጎዳም።

ከስፋቱ ቀጥሎ ዊልቤዝ የሚባለውን ቁጥር ይጠይቁ። የፊቱ ትራክ የውስጥ ብሎን ቀዳዳ ከኋለኛው ትራክ የውስጥ ቀዳዳ ያለው ርቀት ነው። ለእርስዎ ቁመት ከ14.5 እስከ 15 ኢንች ይመቻል። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ጉልበትዎን ሰብሰብ አድርገው ለመቆም ይገደዳሉ፤ ቁልቁለት ላይም ቦርዱ ይንቀጠቀጥብዎታል። የዴኩ ጠቅላላ ርዝመት ከ32 እስከ 33 ኢንች ቢሆን በቂ ነው።

ቅርጹን በተመለከተ መዝለልና መገልበጥ ከፈለጉ አፍንጫውም ጭራውም ክብ የሆነውን የተለመደውን ቅርጽ ይምረጡ። ከቦታ ቦታ መሄጃ ብቻ ከሆነ ግን አፍንጫው ሰፊ፣ ጭራው ቆረጥ ያለው ቅርጽ ይሻላል።

አሁን ወደሚደፋዎት ነገር እንምጣ። ቦርዱን ገልብጠው ከጎማው በላይ ያለውን ቦታ ይመልከቱ፤ ቀለሙን የፋቀ፣ እንደ ጨረቃ የጎበጠ ጥቁር ጭረት ያገኛሉ። በክብደትዎ ጎሚኒው ሲጨመቅ የዴኩ ጠርዝ ወርዶ ጎማውን ይነክሰዋል፤ ጎማው ቀጥ ይላል፣ እርስዎ ግን መንገድዎን ይቀጥላሉ። ትራክ ሲገዛ አብሮት የሚመጣው ጎሚኒ ጥንካሬው 90A አካባቢ ነው (ቁጥሩ ሲጨምር ላስቲኩ ይጠነክራል)። እርስዎ ከ94A እስከ 96A ያስፈልግዎታል። ብዙ ሰው ጎሚኒውን ሳይቀይር የትራኩን የመሐል ዳዶ ማጥበቅ ይመርጣል። ያኔ ላስቲኩ በጎን ያብጣል፣ ውሎ አድሮም ይሰነጠቃል፤ ቦርዱም መታጠፍ እምቢ ይላል። ትክክለኛው ልክ ከላይ ያለው ሮንዴላ በጣት መዞር ካቆመ በኋላ ግማሽ ዙር ማጥበቅ ነው። ልብ ይበሉ፦ የጎማው ዳዶ በ13 ቁልፍ ይፈታል፤ የመሐሉ ዳዶ ግን 9/16 ኢንች ስለሆነ 14 ቁልፍ አይገባበትም፣ 15 ደግሞ ይላላና ጥጉን ይበላዋል። ዘመድዎ የስኬት ቁልፉንም ይያዙልዎት።

ትራኩም ከአዲሱ ዴክ ጋር መመጣጠን አለበት። የአክሱ (ጎማዎቹ የሚገቡበት ዘንግ) ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ ከዴኩ ስፋት በ6 ሚሊ ሜትር ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ግድ የለም። ለምሳሌ ኢንዲፔንደንት የተባለው ኩባንያ 149 ቁጥር ትራክ ለ8.5፣ 159 ደግሞ ለ8.75 ይሆናል። የወንድምዎን ጠባብ ትራክ ሰፊ ዴክ ላይ ከገጠሙት ያው መጋደሉ ይመለሳል።

የጎንደርን መንገድ ስናስብ፣ 52 ሚሊ ሜትር ደረቅ ጎማ ኮብልስቶን ላይ በየመጋጠሚያው ይቀረቀራል። 58 ሚሊ ሜትር፣ 78A ለስላሳ ጎማ ሻካራውን አስፋልት ይውጠዋል፤ ኮብልስቶኑን ግን በእግር ማለፍ ይሻላል። ትልቅ ጎማ ሲገባ ከትራኩ በላይ 3 ሚሊ ሜትር ማስነሻ ያስፈልጋል፤ ብሎኑም ከ25 ወደ 28 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ኩሽኔታው 608 የሚባለው የተለመደ ቁጥር ስለሆነ የማሽን ዕቃ መሸጫ ይጠይቁ።

ደህና ዴክ ከ7 ንብብር የሜፕል እንጨት ይሠራል፤ 5ቱ በርዝመት፣ 2ቱ በአግድም ይደረደራሉ። ቆመውበት አይሰብሩትም። የሚሰበረው ዘለው ሲያርፉ እግርዎ በሁለቱ ትራኮች መሐል ካረፈ ነው፤ ዊልቤዙ ሲረዝም መሐሉ የበለጠ ስለሚለመጥ ሁለቱም እግሮች ብሎኖቹ ላይ እንዲያርፉ ይልመዱ።

ጥያቄ፦ ከውጭ የሚያመጣልኝ ሰው የለም። 98 ኪሎ ነኝ። ኮምፔንሳቶ ቆርጬ ባሠራስ?
ከአዘዞ

መልስ፦ ቀጥ ብሎ ለመሄድ ይሆናል፤ ለመዝለል ግን አይሆንም። የኮምፔንሳቶ ንብብሮች አንዱ በርዝመት፣ አንዱ በአግድም ስለሚደረደሩ ግማሽ ያህሉ የእርስዎን ክብደት አይሸከምም፤ የውስጡም እንጨት ብዙ ጊዜ ለስላሳ ነው። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይግዙ፤ አናጺው የላይኛው ንብብር ጭረት በቦርዱ ርዝመት እንዲሄድ አድርጎ ይቁረጠው። 11 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነው የፋብሪካ ዴክ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ብሎን ይበቃል፤ እርስዎ ግን 32 ያስፈልግዎታል። በየብሎኑ ራስ ሥር ሮንዴላ ያድርጉ፤ አለዚያ ራሱ እንጨቱን እየበላ ይሰምጣል። ጠርዙን ሁለት ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ይቀቡ፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ በጠርዝ ገብቶ ንብብሮቹን ይለያያቸዋል። ጭራ አይሥሩለት፤ ጠፍጣፋ ጭራ ሲረገጥ ይሰበራል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ 8.5 ዴክ አግኝቻለሁ። ከመግዛቴ በፊት ምን ልይ?
ከአራዳ

መልስ፦ ብሎኖቹን አስፈትተው ስምንቱን ቀዳዳዎች ይመልከቱ፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ የሚሄድ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካለ ይተዉት። ከዚያ ጭራውን ሲሚንቶ ላይ መታ ያድርጉ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ ድፍን ያለ ድምፅ ካሰማ ውኃ ገብቶበታል።