ከፍሬሙ የወጣው የት ገባ?

ውድ ልጆች፣ ካሜራ ለያዛችሁም፣ በስልካችሁ ለምታነሱም፣

ይህን ፎቶ ብዙ ጊዜ አይታችሁታል። አንዲት ሴት ጣቶቿን ጉንጯ ላይ አድርጋ ሩቅ ታያለች። ሁለት ልጆች ከግራና ከቀኝ ትከሻዋን ተደግፈው ፊታቸውን አዙረዋል። ጭኗ ላይ ሕፃን ተኝቷል። ያነሳችው ዶሮቲያ ላንግ ናት፤ ጊዜው ማርች 1936፣ ቦታው ካሊፎርኒያ ውስጥ ኒፖሞ። በኛ አቆጣጠር 1928 ዓ.ም. ነው፤ ወሩ ሳያልቅ ማይጨው ላይ ጦርነት ነበር።

ላንግ የገጠሩን ችግር በፎቶ እንድታሳይ የአሜሪካ መንግሥት የቀጠራት ባለሙያ ነበረች። የወር ጉዞዋን ጨርሳ በዝናብ ወደ ቤቷ ስትነዳ የአተር ለቃሚዎች ሰፈር መኖሩን የሚጠቁም ምልክት አልፋ ሄደች። መሪውን የመለሰችው 20 ማይል ከተጓዘች በኋላ ነው። አተሩን ውርጭ መትቶት ለቃሚው ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። ድንኳኑ ጋ የቆየችው ደቂቃዎች ብቻ ነው። አምስት ጊዜ እንዳነሳች፣ ከአንድ አቅጣጫ እየተጠጋች እንደሠራች ራሷ ኋላ ጽፋለች፤ ተመራማሪዎች ግን ቢያንስ ስድስት ቆጥረዋል።

ታዋቂውን ለጊዜው ተዉትና አብረውት የተነሱትን ሌሎቹን ፎቶዎች ተመልከቱ። ከሩቅ በተነሳው ላይ ድንኳኑ በሙሉ፣ የዕቃ ሳጥኑ፣ የሚወዛወዘው ወንበር፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ኮረዳ ሁሉም አሉ። መረጃው ሞልቷል፤ እንባ የሚያመጣበት ሰው ግን አላየንም። እየቀረበች ስትሄድ ወንበሩ ወጣ፣ ኮረዳዋ ወጣች፣ ሳጥኑ ወጣ፤ ድንኳኑም ከኋላ ያለ የሸራ ቁራጭ ሆነ። በመጨረሻው ላይ የሚታይ ፊት አንድ ብቻ ነው። ልጆቹ ፊታቸውን በማዞራቸው ዓይናችሁ ሄዶ ሄዶ የሚያርፈው እናቲቱ ላይ ነው። እሷ ደግሞ እናንተን አታይም። ብታያችሁ ኖሮ ልመና ይመስል ነበር፤ አሻግራ በማየቷ ግን ምን እያሰበች ይሆን ብላችሁ አብራችሁ ትጨነቃላችሁ። አገሩንም ዘመኑንም የሚናገር ዕቃ ስለሌለ የየትም አገር እናት ትሆናለች። ወደ ዘጠና ዓመት የቆየው ኃይሉ ከዚህ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል፤ አንዱ ቀላል፣ ሌላው ከባድ።

ቀላሉ አሠራሩ ነው። አንድ ቦታ ስትደርሱ መጀመሪያ ሰፊውን አንሱ፦ ቤቱን፣ መንገዱን፣ ሰማዩን። ከዚያ ሦስት እርምጃ ቅረቡ፤ ምን ከፍሬሙ እንደወጣ አስተውሉና አንሱ። ደግሞ ሦስት እርምጃ። በእግራችሁ ቅረቡ እንጂ ስክሪኑን በጣት አትለጥጡት። ባለ 12 ሜጋፒክስል ስልክ ተጨማሪ ሌንስ ሳይኖረው በሁለት እጥፍ ስታጎሉት ከሥዕሉ የሚቀረው ሩቡ ነው፣ 3 ሜጋፒክስል። በሌላ በኩል የስልክ ዋና ሌንስ ሰፊ ስለሆነ ከግማሽ ሜትር በታች ከተጠጋችሁ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ይሸሻል። ለፊት ፎቶ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቅ በሉ፤ ሁለተኛ ሌንስ ካለው በሱ አንሱ። ከጭንቅላት ላይ የበቀለ የሚመስል የመብራት ምሰሶ ካለ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ይበቃል። ቢጫውን ጀሪካን ግን ከሰፊው ፎቶ ላይ አታንሱት። ዛሬ ዓይን ያበላሸ የሚመስላችሁ ጀሪካን ከአርባ ዓመት በኋላ ዘመኑን የሚመሰክረው እሱ ነው።

ከባዱ የወጣው ነገር ነው። ስሜት የሚሰጠው ፎቶ መረጃውን ጥሎ የመጣ ፎቶ ነው። የተጣለውን ሌላ ቦታ ካላኖራችሁት የሚሞላው ሌላ ሰው ነው፣ ያውም በግምት። ላንግ የሴትዮዋን ዕድሜ፣ 32 ዓመት፣ መዘገበች፤ ስሟን ግን አልጠየቀችም። ቤተሰቡ ለምግብ ሲል የመኪናውን ጎማ ሸጧል ብላ ጻፈች። ልጆቹ አድገው ሲጠየቁ ጎማ አልሸጥንም አሉ፤ መኪናው ተበላሽቶ ወንዶቹ ለማሠራት ከተማ ሄደው ነበር። ሴትዮዋ ፍሎረንስ ኦውንስ ቶምፕሰን፣ የቼሮኪ (የአሜሪካ ነባር ሕዝብ) ተወላጅ መሆኗ በአደባባይ የታወቀው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓለም ፊቷን እያወቀ ስሟን አያውቅም ነበር። እሷም ስትናገር ተቀይማ ነበር፤ ከፎቶው አንድ ሳንቲም አላገኘሁም ብላለች።

ይህን ስንል ላንግን ለመውቀስ አይደለም። ፎቶዎቹ ሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ ላይ በወጡ ጊዜ መንግሥት 20,000 ፓውንድ፣ ዘጠኝ ሺህ ኪሎ ያህል ምግብ ወደ ሰፈሩ ልኳል። ምግቡ ሲደርስ ግን የፍሎረንስ ቤተሰብ ከዚያ ተነስቶ ሄዷል። በ1983 እ.ኤ.አ. ታማ ልጆቿ እርዳታ ሲጠይቁ ከ35,000 ዶላር በላይ ከነደብዳቤው ጎረፈ። ልጆቹ በፎቶው ያፍሩ እንደነበር፣ ደብዳቤዎቹን ካነበቡ በኋላ ግን ሐሳባቸው እንደተቀየረ ተናግረዋል። ሰዎቹ ገንዘብ የላኩት ስም ላላት ሴት ነው፤ ስሙ ከ1936 ጀምሮ ቢኖር ምን ይሆን ነበር ብሎ ማሰብ አይከፋም።

ስለዚህ ካነሳችሁ በኋላ ካሜራውን ዝቅ አድርጉና ተጠጉ። «እማማ፣ አሁን ፎቶ አንስቼዎት ነበር፤ ይኸው ይዩት። ስምዎትን ከነአባትዎ ይንገሩኝ?» በሉ። ፎቶው የት እንደሚወጣ ንገሯቸው፤ አይሆንም ካሉ አጥፉት፣ እያዩ አጥፉት። ሕፃን ከሆነ ወላጁን ጠይቁ። ሐዘን ቤት ከሆነ ዘመድ ይጠየቃል፣ ያውም ለቅሶው ጋብ ሲል። የሰማችሁትን እዚያው ጻፉ፤ ማታ እጽፈዋለሁ ያላችሁት ስም ማታ የለም። ባዶ እጅ ከሆናችሁ ወዲያው ስልካችሁ ላይ በድምፅ ቅዱት፤ ሰውየው ራሱ ስሙን ሲናገር ቢሆን ይመረጣል፣ ኃይለ ይሁን ኃይሌ በኋላ አያከራክርም።

መግለጫው ሦስት መስመር ይበቃዋል። ማን፣ ከነአባትና ከነአያት ስም፣ ከግራ ወደ ቀኝ። የት፣ ከነቀበሌው ወይም ሰፈሩ እሱ ራሱ በሚጠራበት ስም። መቼ፣ ከነሰዓቱ። አንድ መስመር ደግሞ ጨምሩ፦ ከፍሬሙ ውጭ ምን ነበር? «ከቀኝ በኩል አሥር ሰዎች ተሰልፈዋል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ክርክር ያስቀራል። ያላያችሁትን አትጻፉ። «ያዘነች እናት» አይባልም፤ ማዘኗን እሷ ካልነገረቻችሁ አታውቁም።

ቀኑ ላይ እኛ ዘንድ የተለየ ወጥመድ አለ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። በኛ ስንት ነው? ሰባት ቀንሶ 1953 የሚለው ብዙ ነው። ትክክሉ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ድሉ በአንድ ቀን ነው አሮጌው ዓመት ላይ የቀረው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ሰባት፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ትቀንሳላችሁ፤ መግለጫው ላይ ግን ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉ፣ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.»ን ሳትረሱ። ስሙም እንዲሁ ነው። የውጭ መዝገብ አበበን በአባቱ ስም «ቢቂላ» ብሎ ነው የሚይዘው፤ የድሮ ፎቶ ስትፈልጉ በሁለቱም ፈልጉ።

አበበን ካነሳን ስለ መቁረጥም እንበል። ደረቱ ላይ ቁጥር 11 የለጠፈው ሯጭ ፎቶ ከጉልበት በላይ ቢቆረጥ ማንኛውም የደከመ ሯጭ ነው። ፎቶው ያለው እግሩ ላይ ነው። ጋዜጣ ላይ ቦታ ጠበበ ተብሎ እግር ሲቆረጥ፣ ለፌስቡክ አራት ማዕዘን ይሁን ተብሎ እጅ ሲቆረጥ ስንት ሥራ ይበላሻል! ፎቶን ስትቆርጡ በመጀመሪያ በጣታችሁ ከየአቅጣጫው ሸፍኑት፤ ሲሸፈን ፎቶው የሚሞትበት ቦታ አይነካም። ሌላም አለ። አበበ በዚያ ሩጫ ሙሶሊኒ በ1937 እ.ኤ.አ. ያስወሰደው የአክሱም ሐውልት ባለበት አደባባይ አልፏል። ሐውልቱ ፍሬም ውስጥ ባይኖርም ያወቀ ኢትዮጵያዊ ያየዋል፤ ያላወቀ ልጅ ግን እናንተ ካልጻፋችሁለት አያየውም።

በተቃራኒው ደግሞ ኮረም አለ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን በረሃቡ ላይ የቀረጸው ተንቀሳቃሽ ምስል፣ ከማይክል በርክ ዘገባ ጋር በቢቢሲ ሲተላለፍ ዓለም ተነሳ፤ እህል መጣ፣ ነፍስ ተረፈ። አሚን ሥራውን ሠርቷል። ነገር ግን ያ ምስል ከነዚያ ፊቶች ስም ተነጥሎ ሲዞር ኖረ። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያደገ የኛ ልጅ «ከኢትዮጵያ ነኝ» ሲል ስለ ረሃብ የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ምስሉ ቆየ፤ መቼና የት፣ ማን የሚለው ረገፈ።

ስለ ቴክኒክም አንድ እንጨምር፣ ምክንያቱም ዕድል ሁለቴ አይመጣም። ጁን 5 ቀን 1989፣ የቻይና ጦር የቲያናንመን አደባባይን ተቃውሞ በኃይል በበተነ ማግስት፣ ቤይጂንግ ውስጥ አንድ ሰው ፌስታል እንዳንጠለጠለ ታንክ ፊት ቆመ። ፎቶ አንሺው ጄፍ ዋይድነር ከሆቴል በረንዳ ላይ በ400 ሚሊ ሜትር ሌንስና በእጥፍ ማጉያ ነበር የሚያነሳው፣ 800 ማለት ነው። ፊልም አልቆበት ሰው የሰጠው ጥቅል አይኤስኦው (ለብርሃን ያለው ንቃት) 100 ብቻ መሆኑን በሰዓቱ ልብ አላለም። እንዲህ ባለ ሌንስ በእጅ ለማንሳት ሹተሩ፣ ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ፣ ክፍት የሚቆየው ከ1/800 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ሊሆን ይገባል፤ ካሜራው ግን እጅግ ቀርፋፋ ፍጥነት መርጦ ነበር። ከጥቂት ፍሬሞች አንዱ ተረፈለት። እናንተም ትናንት ማታ ሠርግ ላይ የተዋችሁትን አይኤስኦ ጠዋት ሳታዩ አትውጡ። በነገራችን ላይ ያንን ሰው ሌሎች ፎቶ አንሺዎችም አንስተውታል፤ ቴሪል ጆንስ ከመንገድ ላይ ያነሳው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። እዚያ ላይ ከፊት ሰዎች ይሮጣሉ፣ ሰውየው ራቅ ብሎ ብቻውን ቆሞ ይጠብቃል። ያው ሰው፣ ያው ቀን፣ ሌላ ፍርሃት።

ስለ አቀማመጡ አጭር እንሁን። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የላካችሁት ይጨመቃል፣ ውስጡ የጻፋችሁት መረጃም ይወድቃል፤ እንደ ፋይል ላኩ። ሦስት ቅጂ ያዙ፣ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ። የቤተሰብ የወረቀት ፎቶ ካለ ላሚኔት አታስደርጉት፤ የተጣበቀው ፕላስቲክ አይላቀቅም። ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊቱ ይሰርጋል። ትንሽ ፎቶ ስካን ሲደረግ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ይሁን። መስታወት ላይ የተጣበቀውን አትገንጥሉ፣ ከነመስታወቱ ስካን አድርጉት።

«ፊቱን አጠራሁት፣ ቀለም ቀባሁት» የሚለውን የኮምፒውተር ሥራ በተመለከተ፦ ፕሮግራሙ የሌለውን ዓይን ፈጥሮ ነው የሚያስገባው። ከወደዳችሁት ሥሩ፣ ግን «በኮምፒውተር የተቀባ» ብላችሁ ምስሉ ላይ ጻፉ፣ ዋናውንም አብራችሁ አውጡ። በየካቲት 23 ሰሞን «ዓድዋ» ተብሎ የሚመጣላችሁን ምስል ከማጋራታችሁ በፊት ጀርባውን እዩ። የጭነት መኪና ካለበት 1888 ዓ.ም. ሊሆን አይችልም፤ መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው።

የላንግን ፎቶ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነፃ፣ በትልቅ ፋይል ታገኙታላችሁ፣ ከተከታታዩም ጋር። አውርዱትና ከታች በቀኝ በኩል ያለውን ጥግ አጉሉት። የድንኳኑን ምሰሶ የያዘ አውራ ጣት ነበረበት። ዓይን ይስባል ተብሎ በ1939 እ.ኤ.አ. ነጋቲቩ፣ ፎቶው የሚታተምበት ፊልም፣ ላይ እንዲደበዝዝ ተደረገ፤ ላንግ የምትሠራበት የመንግሥት ፎቶ ክፍል ኃላፊ የነበረው ሮይ ስትራይከር በዚህ አልተደሰተም። ከመነካቱ በፊት የታተመው ቅጂም እዚያው ተቀምጧል። ጎን ለጎን ክፈቷቸው፤ በአንዱ ላይ ጣቱ በግልጽ አለ፣ በሌላው ጥላው ቀርቷል።