አያታችን የከፈቱት መድኃኒት ቤት ለሌላ ሰው ተላለፈ፤ ድርሻ አለን?

ጥያቄ፦ አያታችን በ1955 ዓ.ም. በአንዲት ትንሽ ከተማ መድኃኒት ቤት ከፈቱ። ቤቱ በ1967 ተወረሰ፤ እሳቸው ግን ኪራይ እየከፈሉ እዚያው ቀጠሉ። በ1984 ሲያርፉ አጎታችን ተረከበው። በ1999 ተቀጥሮ ይሠራ ለነበረው ድራጊስት ሸጠለት። ድራጊስቱም ዘንድሮ ለሌላ ሰው አስተላለፈው። እናታችን ከሽያጩ አምስት ሳንቲም አልደረሳትም። ታፔላው ላይ ግን እስካሁን የአያታችን ስም አለ። መብት አለን ወይ?

መልስ፦ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እርስዎ «መድኃኒት ቤቱ» የሚሉት በሕግ ዓይን አንድ ነገር አይደለም። ቤቱ አለ፣ ንግዱ አለ፣ ፈቃዱ አለ። ሦስቱም ባለቤት የቀየሩት ለየብቻ ነው።

ከቤቱ ልጀምር። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። አያትዎ ኪራይ ከፋይ ከሆኑ በኋላ ቤቱ የእሳቸው አልነበረም። ስለዚህ ለልጆቻቸው ሊያወርሱት አይችሉም። አጎትዎም ሊሸጡት አይችሉም፤ ውሉ «ከነቤቱ» ቢልም ዋጋ የለውም። አንድ ነገር ግን ያጣሩ። አዋጁ ሰው ራሱ ለሚነግድበት ቤት ቀዳዳ ትቶ ነበር። ቤቱ በምን ወረቀት ተወሰደ? በ1987 የወጣው አዋጅ ቁጥር 110 አግባብ ባልሆነ መንገድ የተወሰደን ንብረት ይመለከታል እንጂ በ47/67 በአግባቡ የተወረሰን አይደለም። ቤተሰብ ሁሉ «ተወረሰብን» ይላል፤ እኔ የማምነው ማዘጋጃ ቤት ያለውን ፋይል ነው።

ዋናው ነገር ንግዱ ነው። የንግድ ሕጉ «የንግድ መደብር» ሲል አራቱን ግድግዳ ማለቱ አይደለም። መደርደሪያው፣ ዕቃው፣ የንግድ ስሙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለዓመታት የመጣው ደንበኛ ነው። ይሄ እንደ ቤቱ አልተወረሰም፤ እስከ 1984 የአያትዎ ነበር። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ከሆነ ግማሹ የሴት አያትዎ ነው። የቀረው፣ ኑዛዜ ከሌለ፣ ለልጆች እኩል ይከፈላል። አጎትዎ ለዓመታት ስለሠሩበት ብቻ የግላቸው አይሆንም። የጋራ ንብረት የሚሸጠው ባለድርሻዎቹ ሁሉ ሲስማሙ ነው። እናትዎ ካልፈረሙና ውክልና ካልሰጡ ክስ የማቅረብ መብት ነበራቸው።

«ነበራቸው» ያልኩት አውቄ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000 ወራሽነቱንና ንብረቱ በሌላ እጅ መሆኑን ላወቀ ሰው 3 ዓመት ይሰጣል። የዘር ርስት (በዘር የወረደ የማይንቀሳቀስ ንብረት) ካልሆነ በቀር ደግሞ ሟቹ ካረፉ 15 ዓመት ካለፈ ነገሩ ያበቃል። ከ1984 ጀምረው ይቁጠሩ፤ 1999 ላይ ይደርሳሉ። መደብሩ የተሸጠበት ዓመት! አጎትዎን «የሽያጩን ብር አካፍለን» ብላችሁ ብትከሱም አጠቃላዩ የ10 ዓመት ይርጋ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) አልፏል። እርግጥ ዳኛ ይርጋን በራሱ አያነሳም፤ ተከሳሹ ነው ማንሳት ያለበት። ግን የትኛው ጠበቃ ነው ይህን የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ የሚረሳው? በዚህ ተስፋ የፍርድ ቤት ዳኝነት ክፍያ ክፈሉ ብዬ አልመክርም።

ፈቃዱን በአጭሩ ልለፈው። የመድኃኒት ችርቻሮ ፈቃድ አይወረስም፣ አይሸጥም። አዲሱ ባለቤት በራሱ ስም ንግድ ፈቃድ፣ ከጤና ተቆጣጣሪው አካል ደግሞ ብቃት ማረጋገጫ ማውጣት አለበት፤ ኃላፊ ባለሙያም ያስፈልገዋል። የሰው ላይሰንስ ተከራይቶ የሚሠራ ሞልቷል፣ አውቃለሁ። ሰውየው እንዲያ ቢያደርግ እንኳ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ለእናንተ ድርሻ አያመጣም።

ስለ ታፔላው። የንግድ ስም የመደብሩ አካል ነው፤ ሻጩ በውል ካላስቀረው አብሮ ይሄዳል። ስሙ የአያትዎ መሆኑ ቤተሰቡ ቅር እንዲለው ያደርጋል፣ ይገባኛል። ግን በስሙ ቤተሰቡን የሚጎዳ ሥራ ካልተሠራበት «ይውረድ» ብዬ ክስ አልከፍትም። ሰውየውን ቡና ጋብዘው ቢያነጋግሩት ይሻላል።

እስከዚያው ሁለት ወረቀት ይፈልጉ፦ የ1999ኙን የሽያጭ ውል ኮፒና የቤቱን ፋይል። ውሉ ላይ የእናትዎ ፊርማ ካለ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ፋይሉ ውስጥ መንግሥት ቤቱን መውረሱን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ግን እንደገና ይጻፉልኝ፤ ያኔ ሌላ ጨዋታ ነው።