ደሴቱ ላይ ሰይፍ ማን ፈቀደላቸው? (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ከኮምቦልቻ ነው የምጽፈው። የስምንት ዓመት ልጅ አለኝ፣ ማታ ማታ ተረት ካላነበብኩለት አይተኛም። አሁን ሙጭጭ ያለው ደሴት ላይ ነው፣ የሚበር ደሴት፣ የሚሰምጥ ደሴት፣ ልጆች ብቻቸውን የሚኖሩበት ደሴት፣ በቃ ደሴት ካልሆነ አይሰማኝም። ባለፈው እያነበብኩለት አቋረጠኝና «እማ፣ እነዚህ ልጆች ሰይፍ ማን ፈቀደላቸው?» አለኝ። ሳቄ መጣ ግን መልስ አጣሁ። አባቱ ከሳሎን ሆኖ «ድሮ መሳሪያ መብት ነበር፣ ፈቃድ ምናምን የለም» አለ፣ እኔ ደግሞ መሳሪያ መቼም መብት ሆኖ አያውቅም አልኩ፣ ይኸው ቡና በተፈላ ቁጥር ክርክር ሆኗል። ማን ነው ልክ? ደግሞስ በ2014ቱ ጊዜ እውነተኛ ተኩስ የሰማ ልጅ ነው፣ ሰይፍና ሽጉጥ ያለበት ተረት ማንበቤ ይጎዳው ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ልጅሽን ሳሚልኝ። ሁላችንም እነዚያን ተረቶች ስናነብ ሰይፉን ከደሴቱ ጋ አብሮ የበቀለ ነገር አድርገን ነው የምናልፈው፣ እሱ ግን ቆም ብሎ ጠየቀ። እኔ እንደሚመስለኝ ደራሲዎቹ ልጆቹን ደሴት ላይ የሚያወጧቸው ለዚሁ ብለው ነው፤ እዚያ ቀበሌ የለም፣ አባት የለም፣ «ምን ይዘሃል፣ ውረድ» የሚል ኬላ የለም። ስለዚህ የልጅሽ መልስ አጭር ነው፣ ማንም አልፈቀደላቸውም፣ ፈቃድ የሚሰጥ ሰው ስለሌለ ነው ደሴት የሆነው።

ግን ፈቃጅ የለም ማለት አለቃ የለም ማለት እንዳይመስልሽ። የማያድገውን ልጅ የፒተር ፓንን ደሴት ውሰጂ፣ መጀመሪያ በ1904 ለንደን ላይ በቲያትር የታየውን (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ)። ካርቱኑ የማይነግርሽ ነገር መጽሐፉ ውስጥ አለ፤ እዚያ ማደግ ክልክል ነው፣ ልጆቹ ያደጉ ሲመስለው ፒተር ቁጥራቸውን ይቀንሳል ይላል፣ እንዴት እንደሚቀንስ ግን አያብራራም፣ እዚያው ጥሎት ያልፋል። የወንበዴውን አለቃ እጅ ቆርጦ ለአዞ የወረወረውም እሱ ነው። ሕግ አውጪው እሱ፣ ዳኛው እሱ፣ ሰይፍ ያዡም እሱ።

የተቀበረ ወርቅና የባሕር ወንበዴ ያለበት ሌላ ዝነኛ የደሴት ታሪክ አለ፣ «ትሬዠር አይላንድ» የሚባል፣ በ1883 በመጽሐፍ የወጣ፣ አስማት የለበትም ግን መሳሪያን በተመለከተ ከሁሉም እሱ ብልጥ ነው። መርከቧ ገና ወደብ ሳትለቅ ካፒቴኑ ባሩዱና መሳሪያው ከፊተኛው ዕቃ ማስቀመጫ ወጥቶ ወደ ኋላ ከነሱ ክፍል ሥር ይሁን ብሎ ድርቅ ይላል፣ ሠራተኞቹን አላመናቸውማ፣ ጌቶቹ ቅር እያላቸው ይስማማሉ። ደሴቱ ጋ ሲደርሱ የሚሆነው ሁሉ ግማሹ እዚያች ላይ ነው የተወሰነው። ሰው «መሳሪያ መብት ነው ወይስ አይደለም» ብሎ ሲከራከር ብዙ ጊዜ የሚረሳት ጥያቄ ይቺ ናት፣ ግምጃ ቤቱ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

አሁን ወደ ቡናው ክርክር። ለባልሽም ላንቺም የማይመች መልስ ነው ያለኝ፤ ድሮ መሳሪያ በብዛት ግዴታ ነበር። በ1181 የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛ ባወጣው ደንብ ነጻ የሆነ ሰው ሁሉ እንደ ሀብቱ መጠን መታጠቅ ነበረበት፣ ሀብታሙ የብረት ጥሩርና ጋሻ፣ ድሃው ጥጥ የተጠቀጠቀበት ልብስ፣ የብረት ቆብና ጦር። መሸጥ አይችልም፣ በመያዣ ማስያዝ አይችልም፣ ማዋስ አይችልም። በሱ ገንዘብ የተገዛ፣ ግን የንጉሡ ጉዳይ። ይሄ ሩቅ አገር ከመሰለሽ ወረኢሉን አስቢያት፣ እዚሁ ከደሴ በታች ያለችውን። ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. የአድዋን ክተት ሲያውጁ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከቶ እንዲያገኙት ነው ያዘዙት፣ ጉልበት ያለህ ተከተለኝ፣ የቀረህ ወዮልህ። ያኔ ጠመንጃ ያለው ሰው «መብቴ ነው» ብሎ ቤቱ አይቀመጥም፣ ጠመንጃው ራሱ ነው ከቤት የሚያስወጣው።

መከልከሉም እንደዚያው የቆየ ነው። ጃፓን ውስጥ በ1588 ሂዴዮሺ የሚባለው ገዢ ገበሬው ሰይፉን፣ ጦሩንና ጠመንጃውን እንዲያስረክብ አዘዘ፣ ሰበቡን ብትሰሚ፤ ብረቱ ቀልጦ ለትልቁ የቡድሃ ሐውልት ምስማር ይሆናል፣ እናንተም በወዲያኛው ዓለም ትጠቀማላችሁ። ለልጅሽ ይቺን ንገሪው፣ ተረት ነው የሚመስለው ግን እውነት ነው።

«መብት» የሚለው ነገር በደንብ ተጽፎ የመጣው ቆይቶ ነው። እንግሊዝ በ1689 ያወጣችው የመብት ሰነድ ፕሮቴስታንት የሆኑ ዜጎች ለመከላከያቸው መሳሪያ ሊኖራቸው ይችላል ይላል፣ ግን ወዲያው «እንደ ደረጃቸው» እና «ሕግ በሚፈቅደው መጠን» ብሎ ያጥረዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፣ የተባረረው ካቶሊክ ንጉሥ ፕሮቴስታንቶቹን ትጥቅ አስፈትቶ የራሱን ሰዎች አስታጠቀ ብለው ነው የከሰሱት። መብቱ ለሰው ሁሉ ሳይሆን ላሸነፈው ወገን ነበር ማለት ነው፣ ይሄን ባልሽ ቢያስብበት ደስ ይለኛል። ከዚያ አሜሪካኖቹ በ1791 የሕገ መንግሥታቸውን ሁለተኛ ማሻሻያ አጸደቁ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፣ ስለ ሚሊሻ ትጀምርና የሕዝቡ መሳሪያ የመያዝ መብት አይነካም ብላ ትጨርሳለች። ሚሊሻው ነው ዋናው ወይስ ግለሰቡ የሚለው ሲያጨቃጭቅ ኖሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ2008 ነው፣ ያውም 5 ለ 4 ተከፍሎ፣ ግለሰቡም ቤቱ ውስጥ ራሱን ለመከላከል መብት አለው ያለው። ከ1791 እስከ 2008 ቁጠሪ እንግዲህ።

እኛ ሰፈር ደግሞ ጥያቄው ከግለሰብም በላይ ነበር፣ አገር ራሷ መሳሪያ የመግዛት መብት አላት ወይ የሚል። ውጫሌን ከሐይቅ አልፈሽ በወልዲያ መንገድ ታውቂያታለሽ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ የተፈረመው ውል ሲነሳ ሁሉም አንቀጽ 17ን ነው የሚያወራው፣ ግን በምጽዋ በኩል የመሳሪያ ንግድ ለምኒልክ ብቻ ክፍት እንዲሆን የሚልም ነገር ውስጡ አለ። በዓመቱ፣ በፈረንጅ 1890፣ የአውሮፓ መንግሥታት ብራስልስ ላይ ተሰብስበው የባሪያ ንግድን ለማስቀረት ነው ብለው ዘመናዊ ጠመንጃ ወደ ሰፊው የአፍሪካ ክፍል እንዳይገባ ተስማሙ። የባሪያ ንግዱ እውነት ነው አልክድም፣ ግን ጠመንጃ የሌለው አህጉር ለማን እንደሚመች ለማወቅ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም። ምኒልክ ባይሸምቱ ኖሮ አድዋ ሌላ ታሪክ ነበር።

ዛሬስ ካልሽኝ፣ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን ውስጥ መሳሪያ የመያዝ መብት የሚል አንቀጽ የለም። ያለው የጦር መሳሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፣ እሱም ጉዳዩን የፈቃድ ጉዳይ ያደርገዋል። ስለዚህ የዛሬውን ክርክር አንቺ ረተሻል፣ የድሮውን ግን ሁለታችሁም አልረታችሁም። ባልሽ «ልማዱ ነበር» ቢል ኖሮ እሺ እለው ነበር፣ የወሎ ገጠር ሰው ጠመንጃ ከክብር ጋ አያይዞ ማየቱን ማንም አይክደውም፣ ግን ልማድና መብት ለየቅል ናቸው።

ይጎዳዋል ወይ ላልሽው፣ ተረቱን አትደብቂበት። እውነተኛውን ድምፅ የሰማ ልጅ የተረቱን ሰይፍ ብዙም ላይፈራው ይችላል፣ እንዲያውም «ማን ፈቀደ» ብሎ መጠየቁ ነገሩን በራሱ መንገድ እያብላላው እንደሆነ ነው የሚያሳየኝ። ሌሊት እየባነነ የሚጮህ ከሆነ፣ ርችት ሲተኮስ አልጋ ሥር የሚገባ ከሆነ ወይ ከጓደኞቹ ጋ መጫወት ካቆመ ግን የተረቱ ጉዳይ አይደለም፣ ጤና ተቋም ወስደሽ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይየው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ልጆቹ ደሴት ሳሉ ስላቸው ዘንባባና የባሕር ወንበዴ ብቻ ነው የሚስሉልኝ። የራሳችን አስማተኛ ደሴት የለንም?

መልስ፦ መምህር፣ አለን እንጂ፣ ያውም ከርስዎ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ። የሐይቅን አፈጣጠር የአካባቢው ሰው እንዲህ ነው የሚተርከው፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ግፍ ተፈጸመባት፣ እግዜር ተቆጣና ሴትዮዋ የተቀመጠችባትን መሬት ብቻ አስቀርቶ ዙሪያውን ሁሉ ውሃ አደረገው፣ ልዕልቲቱም ከነዘመዶቿ ከነወዳጆቿ ሰመጠች። ሴትዮዋ የተቀመጠችባት ቦታ ደሴት ሆነች፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ያቋቋሙት እዚያች ላይ ነው። አሁን ከየብስ ጋ ስለተገናኘች በእግር ይገባባታል፣ ለወንድ ማለቴ ነው። ለአንዲት ሴት ተብላ የተረፈች መሬት ዛሬ ሴት የማይገባባት መሆኗ እኔን ሁሌ ያስገርመኛል፣ ተማሪዎችዎ ውስጥ አንዷ ሴት ልጅ ይሄን ማንሳቷ አይቀርም፣ ተዘጋጁበት።

ከላይ የኮምቦልቻዋ እናት የጠየቀችውን ካነበቡት ደግሞ ይቺን ልብ ይበሉ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ማንም ሰይፍ አላነሳም። ግፉ ምን እንደነበረ ልጆቹ ራሳቸው ፈጥረው ይሙሉት፣ ከዘንባባው የተሻለ ስዕል የሚያገኙ ይመስለኛል፣ ሴትዮዋ ተቀምጣ፣ ውሃው ከአራቱም ማዕዘን እየመጣ።

ከውጭውም ቢጨምሩ ከወንበዴ የተሻለ ሞልቷል። የሲንድባድ የመጀመሪያው ጉዞ ላይ መርከበኞቹ አረንጓዴ ደሴት አገኘን ብለው ይወርዳሉ፣ እሳት ያነዳሉ፣ «ደሴቱ» ይነቃል፣ ለካ ጀርባው ላይ ዛፍ እስኪበቅል ድረስ የተኛ ግዙፍ ዓሣ ነው። ይሄው ነገር አየርላንድም አለ፣ ቅዱስ ብሬንዳን የሚባለው መነኩሴ ከጓደኞቹ ጋ ፋሲካን ዓሣ ጀርባ ላይ ያከብራል ይባላል። እነዚያው አየርላንዶች ጭጋግ የሸፈነው፣ በሰባት ዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚታይ ብራሲል የሚባል ደሴት ነበራቸው፣ ተረት ነው ብለው ግን አልተዉትም፣ ከ1325 ጀምሮ ካርታ ላይ እያሰፈሩት እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ዘለቀ። ካርታ የሚያምን ተማሪ ካለዎት ይሄንን ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ከደሴ ሆጤ ነኝ፣ ትምህርት ቤት የክርክር ክበብ አለን፣ «መሳሪያ መያዝ ሕገ መንግሥታዊ መብት ይሁን» የሚለውን እንድቃወም ደርሶኛል። መብት ያደረጉት አገሮች ስንት ናቸው? ፍጠኑልኝ በናታችሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ሦስት ናቸው፣ አሜሪካ፣ ሜክሲኮና ጓቲማላ። አብዛኞቹ ሌሎች አገሮች በሕግና በፈቃድ ነው የሚያስተዳድሩት። እነዚያኞቹ አሜሪካን ይዘው እንደሚመጡ አትጠራጠር፣ አንተ ሜክሲኮን አምጣ። የ1917ቱ ሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 10 ነዋሪው ለደህንነቱና ራሱን ለመከላከል ቤቱ ውስጥ መሳሪያ የመያዝ መብት አለው ይላል፣ ይዞ መውጣቱን ግን ለሕግ ይተወዋል፣ ለሠራዊቱ የተከለሉትን መሳሪያዎችም ከመብቱ ውጭ ያደርጋል። ታዲያ በተግባር ምን ሆነ፣ ለረጅም ዓመታት በዚያ ሁሉ አገር ዜጋው በሕጋዊ መንገድ መሳሪያ የሚገዛበት ሱቅ አንድ ብቻ ነበር፣ ዋና ከተማው ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ፣ የሚያስተዳድረውም ጦር ሠራዊቱ። ሕገ ወጡ ደግሞ ከሰሜን በድንበር ይገባል። ጊዜ ከተረፈህ የ1689ኙን «እንደ ደረጃቸው» የሚለውን ጨምርበት፣ ከላይ ጽፌዋለሁ፣ ዳኞቹ ይወዱታል።