ወንድሜ «ኢንሹራንሱ ጨመረብኝ» ይላል፤ ልመነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። ታላቅ ወንድሜ ቨርጂኒያ ይኖራል። ኡበር ይነዳል፤ ሚስቱ አረጋውያንን በየቤታቸው ትንከባከባለች። ሁለት ልጆች አሏቸው። ለእናታችን የስኳር መድኃኒትና ለቤት ኪራይ በየወሩ ይልክልን ነበር። ከጥር ወዲህ ግን ግማሽ አደረገው። ስንጠይቀው «የጤና ኢንሹራንሱ ከእጥፍ በላይ ሆነብኝ» ይላል። ገቢው ሳይለወጥ፣ ማንም ሳይታመም፣ እንዴት በአንድ ሌሊት እጥፍ ይሆናል? እናቴ «ሚስቱ ናት የከለከለችው» ትላለች። እርስዎ እዚያ ኖረው መጥተዋልና እውነቱን ይንገሩን።

መልስ፦ እህቴ፣ ሚስቱ አይደለችም። መጀመሪያ ይህን ለእናታችሁ ንገሪልኝ።

እዚያው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ በነበርኩ ጊዜ ሥራዬ የሀበሻውን ታክስ መሥራት ነበር። ደንበኞቼ አብዛኞቹ እንደ ወንድምሽ ሹፌሮች ናቸው። ቀጣሪ የላቸውም፤ ስለዚህ ኢንሹራንስ የሚገባላቸው መሥሪያ ቤት የለም። ራሳቸው ማርኬትፕሌስ ከሚባለው የኢንሹራንስ ገበያ ይገዛሉ። በ2010 በወጣው፣ ሰዉ ኦባማ ኬር በሚለው ሕግ የመጣ ነው። ሥራ የጀመረው በ2014 ነው። (የአሜሪካውን ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ከወንድምሽ ወረቀት ጋር እንዲገጥም።) የግል ኩባንያዎች የኢንሹራንስ ዕቅዳቸውን እዚያ ያቀርባሉ። መንግሥት ደግሞ የቤተሰቡን ገቢ አይቶ ወርሃዊ ክፍያውን ይደጉማል።

ጉዱ ያለው ድጎማው ላይ ነው። በኮቪድ ጊዜ፣ በ2021፣ ድጎማው ከፍ ተደረገ። ሕጉ የሚሠራው ግን እስከ 2025 መጨረሻ ብቻ ነበር። ይራዘም አይራዘም በሚል ኮንግረሱ (ፓርላማቸው) ተፋጥጦ የአሜሪካ መንግሥት ሥራ በከፊል ለ43 ቀናት ተዘጋ። እንደዚያም ሆኖ ሳይራዘም ዓመቱ አለቀ። ስለዚህ «በአንድ ሌሊት» ያልሽው ልክ ነው። የፈረንጆቹ ዓመት ሲለወጥ አብሮ ተለወጠ።

የወንድምሽን ገቢ አልነገርሽኝም። እንበልና ባልና ሚስቱ የመኪናው ወጪ ተቀንሶ በዓመት 70,000 ዶላር ያገኛሉ። ሕጉ መለኪያ ለሆነው ሲልቨር ለሚባለው ዕቅድ «ከገቢያችሁ ይህን ያህል በመቶ ክፈሉ፣ የቀረውን እኔ እችላለሁ» ይላል። ለእንዲህ ያለ አራት ቤተሰብ በ2025 ድርሻው 3 በመቶ ገደማ ነበር። በወር 170 ዶላር አካባቢ ማለት ነው። በ2026 ከ7 በመቶ በላይ ሆነ፤ በወር 420 ዶላር አካባቢ። ልዩነቱ 250 ዶላር ነው። ይልክላችሁ ከነበረው ጋር አስተያዪው።

ከዚህም የባሰባቸው አሉ። ገቢው ከድህነት ወለሉ (መንግሥት «ከዚህ በታች ድሃ ነው» ከሚለው መጠን) አራት እጥፍ ካለፈ ከ2026 ጀምሮ ድጎማ የሚባል የለም። ለአራት ቤተሰብ የ2026 ጣሪያው 128,600 ዶላር ነው። ከዚያ በጥቂት ዶላር ያለፈ ሰው ሁሉንም ያጣል። በጣም ሀብታም መሆን አያስፈልግም። ትንሽ ምግብ ቤት ይዘው ባልና ሚስት ሌት ተቀን የሚሠሩ ሰዎች ይደርሱበታል።

ሕጉ ባይነካ እንኳ ዋጋው በየዓመቱ ይነቃነቃል። ኩባንያው ይጨምራል። ዕድሜም ዋጋ ያስጨምራል፤ የ64 ዓመት ሰው ከ21 ዓመቱ ወጣት እስከ ሦስት እጥፍ ሊጠየቅ ይችላል። በሽታ ግን አያስጨምርም። «ስኳር አለብህ» ብሎ ዋጋ መጨመር ክልክል ነው፤ በዚያ ሕግ ውስጥ በጣም የምወደው ነገር ይህ ነው። ሰዉን ከሁሉ የሚያደናግረው ደግሞ የድጎማው መለኪያ ነው። የሚለካው በአካባቢው ካሉት ሲልቨር ዕቅዶች በርካሽነቱ ሁለተኛ በሆነው ነው። አዲስ ርካሽ ኩባንያ ወደ ሰፈሩ ሲገባ መለኪያው ይወርዳል። ድጎማው አብሮት ይወርዳል። የያዝከው ዕቅድ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር አንተ የምትከፍለው ይጨምራል። ይህን ሳስረዳ «ርካሽ መጣ ተብሎ ተወደደብኝ?» ብለው ይስቁ ነበር። የምር ሳቅ ግን አልነበረም።

አሁን ስትደውዪለት «ለምን ቀነስክ?» የሚለውን ተዪው። ይልቅ ዕቅዱን ራሱ አይቶ መምረጡን ጠይቂው። ምዝገባው ኖቬምበር 1 ይከፈታል። ዝም ያለውን ሰው ሲስተሙ በራሱ ባለፈው ዓመት ዕቅድ ያድሰዋል፤ ብዙ ሹፌር የሚጎዳው እዚያ ላይ ነው። ሥራ ይበዛበታል፣ ደብዳቤው ሳይከፈት መኪና ውስጥ ይከርማል። ብሮንዝ የሚባለው ዕቅድ በወር ርካሽ ነው፤ ሲታመሙ ግን ከኪስ የሚወጣው ብዙ ነው። ልጆች ላሉት ቤት እኔ አልወደውም።

ሌላው ማይል ነው። ድጎማው የሚሰላው ከተጣራ ገቢ ነው። በ2025 ለሥራ የነዳው እያንዳንዱ ማይል 70 ሳንቲም ከገቢው ይቀንስለት ነበር። ማይሉን ያልመዘገበ ሹፌር በወረቀት ላይ ሀብታም ይመስላል። ይህ ታክሱንም ኢንሹራንሱንም ያስወድድበታል።

ገቢውን አሳንሶ እንዳይገምት ግን ንገሪው። ትርፍ የወሰደውን ድጎማ ታክስ ሲሠራ ይመልሳል። ድሮ መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው የሚመልሰው ጣሪያ ነበረው። ከ2026 ገቢ ጀምሮ ጣሪያው ተነሥቷል። ሥራ ከበረታለት ወዲያው ለማርኬትፕሌሱ ማሳወቅ አለበት። በዓመቱ መጀመሪያ የሚላክለትን 1095-ኤ የሚባል ወረቀትም እንዳይጥለው፤ ያለእሱ ታክሱ በትክክል አይሠራም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 67 ነው፤ ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። የምኖረው ደጀን ነው። ዳላስ ያለችው ልጄ ግሪን ካርድ ጨርሳልኛለች። ደም ግፊት አለብኝ። ሰው ሁሉ «እዚያ ከደረሱ ሽማግሌን መንግሥት ያሳክማል» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ መንገዱን ይቅናልዎ። የሚነግሩዎት ሰዎች ግማሹን ነው የሚያውቁት።

ከ65 ዓመት በላይ ላለ ሰው ሜዲኬር የሚባል መድን አለ። ዋናውን የሆስፒታል ክፍሉን ያለክፍያ ለማግኘት ግን እርስዎ ወይም ባለቤትዎ 10 ዓመት ያህል እዚያ አገር ሠርታችሁ ታክስ መክፈል ነበረባችሁ። ሳይሠሩ በገንዘብ ልግዛ ቢሉም ግሪን ካርድ ይዘው 5 ዓመት በተከታታይ መኖር አለብዎ። ለድሃ የሚሰጠው ሜዲኬድም በእርስዎ ዕድሜ በአብዛኛው 5 ዓመት ያስጠብቃል። የሚቀርዎት ማርኬትፕሌስ ነው። ዕድሜዎ አይከለክልዎትም። አገሪቱ ከገቡ ጀምሮ ለመመዝገብ 60 ቀን አለዎት። ያ ካለፈ እስከሚቀጥለው ኖቬምበር መጠበቅ ነው። ስለዚህ ልጅዎ የእንኳን ደህና መጡ ድግሱን ሳትጨርስ ምዝገባውን ትጀምር።

በእርስዎ ዕድሜ ያለ ድጎማ ዋጋው አይቀመስም። እስከ 2025 ድረስ ገቢ የሌለው አዲስ የግሪን ካርድ ባለቤት ሜዲኬድ ስለተከለከለ በማርኬትፕሌስ ድጎማ ያገኝ ነበር። ብዙ የሀበሻ እናቶች የታከሙት በዚህ ነው። ከ2026 ጀምሮ ቀርቷል። አሁን የቤተሰቡ ገቢ ቢያንስ የድህነት ወለሉን መድረስ አለበት። መውጫ ግን አለ። ልጅዎ የምታስተዳድርዎ እሷ ከሆነች በታክሷ ላይ ጥገኛዋ አድርጋ ታስመዘግብዎታለች። ያኔ የሚታየው የእሷ ቤት ገቢ ነው። ከመምጣትዎ በፊት ከታክስ ሠሪዋ ጋር ቁጭ ብላ ትነጋገርበት። ለሰው ይሉኝታ ብላ አትተወው።

እርስዎም የሐኪም ወረቀትዎን በእንግሊዝኛ አስጽፈው ይያዙ። የሚወስዱት መድኃኒት ስምና መጠን በግልጽ ይስፈርበት። ኢንሹራንሱ እስኪጀምር የሚበቃ መድኃኒትም ይዘው ይሂዱ።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ልብ ይበሉ፦ ከ2027 ጀምሮ ጥገኝነት አግኝተው ግሪን ካርድ ያልያዙ ሰዎች ድጎማውን ያጣሉ። እዚያ ዘመድ ያላችሁ ወሬውን አድርሱ፤ ማመልከት የሚችል ይፍጠን። ለጉብኝት ብቻ የሚሄድ ሰው ደግሞ ማርኬትፕሌሱን ይርሳው። ከመሳፈሩ በፊት የተጓዥ ኢንሹራንስ ይግዛ።

ጥያቄ፦ ከዱርቤቴ ነኝ። የማኅበረሰብ ጤና መድን በየዓመቱ አሳድሳለሁ። ዘንድሮ ከቤቴ ማንም አልታመመም። ብሬ ይመለስልኛል?

መልስ፦ አይመለስም፣ ወንድሜ። እንደ ዕድር ነው፤ ሰው አልሞተብኝም ብሎ የዕድር ብር የሚያስመልስ አለ እንዴ? ያንተ ብር ዘንድሮ የጎረቤትህን ልጅ አሳክሟል።

ደግሞ ጥያቄው ከዱርቤቴ መምጣቱ አስገረመኝ። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር በመላ አገሪቱ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የእናንተው ደቡብ አቸፈር ነው። ከማንም በፊት ያያችሁት እናንተ ናችሁ።

ማደሱን እንዳትተው። ሰብል ተሰብስቦ እጅህ ላይ ብር ሲኖር ቀበሌው የሚጠራህ ለዚሁ ነው፤ ቀኑ ካለፈብህ ደብተሩ ቤት ቢኖርም አይሠራም። ልጅህ 18 ከሞላው ለእሱ ተጨማሪ ክፍያ ሊኖር ስለሚችል ስታድስ ጠይቅ። ስትታመም ደግሞ ከጤና ጣቢያው ጀምር። ሪፈር ሳትይዝ በቀጥታ ሆስፒታል ከሄድክ መድኑ ሙሉውን አይችልልህም።