ብቸኛ ቁጥር፣ ብቸኝነቱ ምኑ ላይ ነው?

ጥያቄው የመጣው እዚሁ አዳማ መናኸሪያው አካባቢ ለስላሳ ከሚያከፋፍሉ አንዲት እናት ነው። ልጃቸው የብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም የፕራይም፣ የቤት ስራ እየሰራ "እማ፣ ከ1 በላይ ብቸኛ ማን አለ? ታዲያ 1 ለምንድነው ብቸኛ ቁጥር አይደለም የሚሉን?" ሲላቸው መልስ አጡ፣ ኮምፖዚቱንስ (ከ1ና ከራሱ ሌላም አካፋይ ያለውን) ድብልቅ ብለው ያስኬዳል ወይ ብለዋል።

እህቴ፣ ልጅዎን ያደናገረው ቃሉ ነው፣ እኔንም ስንት ዓመት ሲከነክነኝ የኖረ ነገር ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። ብቸኛ ማለት ብቻ ላይ -ኛ ተቀጥሎ ነው፣ ብቻ ደግሞ ከግዕዙ ባሕቲት ጋር ይዛመዳል፣ ባሕታዊም ከዛው ቤት ነው፣ ሐ ወደቀች ት ደግሞ አነባበቧ ወደ ላንቃ ሸሽቶ ቸ ሆና ወጣች። አሁን ይሄ ብቻ የሚባለው ሁለት ስራ አለው። "ብቻዬን ነኝ" ካልኩ አጠገቤ ሰው የለም፣ "ቡና ብቻ ስጪኝ" ካልኩ ግን ሌላው ይቅር ማለቴ ነው። ብቸኛ ቁጥር ውስጥ ያለው ሁለተኛው ነው፣ ለ1ና ለራሱ ብቻ የሚካፈል (ለ ነው የሚባለው፣ "በ1 የሚካፈል" ሲሉኝ ጆሮዬን ያመኛል)። ልጅዎ የመጀመሪያውን ሰማ፣ አይፈረድበትም።

አንዳንዶች ደግሞ ስያሜው ራሱ ስህተት ነው፣ ፕራይም በላቲን ፊተኛ ማለት ነው፣ ዓረቦቹም አወሊ ነው የሚሉት፣ እኛም ቀዳማዊ ቁጥር እንበል ይላሉ። በፍፁም አልስማማም። ቀዳማዊ ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ንጉሥ ነው፣ ልጁም "ከ1 የቀደመ ማን አለ?" ብሎ ተመልሶ ይመጣል፣ ምኑን ፈታነው? ደግሞ የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ሲፈታው "በአንድ ብቻ የሚለካ ቁጥር" ነው ያለው፣ ብቻ የምትለዋ እዛው ግሪኩ ውስጥ ቁጭ ብላለች! ስሙን ያወጣልን ሰው ከፍቺው ተነስቷል ባይ ነኝ።

ለዩክሊድ 1 መለኪያ እንጂ ቁጥርም አልነበረም። ኋላ ላይ ነው የተምታታው፣ እ.ኤ.አ. በ1914 የታተመው የአሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ የሌመር የብቸኛ ቁጥሮች ሰንጠረዥ እንኳን 1ን ከብቸኞቹ ጋር ደርድሮታል። ዛሬ የወጣበት ምክንያት 12ን ወደ ብቸኞቹ ሲበትኑት 2×2×3 ብቻ ነው የሚመጣው፣ 1 ይግባ ካልን 1×2×2×3፣ 1×1×2×2×3 እያለ ማብቂያ ያጣል። ስለዚህ ለልጁ "አካፋዮቹ ልክ ሁለት የሆኑ" ይበሉት፣ 1 ያለው አካፋይ አንድ ነው፣ አለቀ።

ሱቅዎ ውስጥ ደግሞ ያሳዩት። ሳጥኑ 24 ጠርሙስ ይይዛል አይደል፣ 4 በ6፣ መሬት ላይ ቢደረድረው 3 በ8ም 2 በ12ም ይሆንለታል። አንዷን ይደብቁበትና 23ቱን እኩል እኩል ደርድር ይበሉት፣ ሁለት ረድፍ ሲያደርግ አንድ ይተርፈዋል፣ ሦስት ሲያደርግ ሁለት፣ አራት ሲያደርግ ሦስት፣ መጨረሻ ላይ አንድ ረጅም ሰልፍ ብቻ ይቀረዋል።

ድብልቅ ያሉት ግን አይሆንም፣ ድብልቅ ቁጥር ሁለት ከግማሽ ዓይነቱ ነው፣ ተይዟል። ብቸኛውንም ነጠላ እንዳንለው ነጠላ ቁጥርን ሰዋስው ወስዶታል። እኔ ለኮምፖዚት ጥምር ቁጥር እላለሁ፣ ቤተ መንግሥትን ጥምር ቃል እንደምንለው፣ ማስረጃ አምጣ ካሉኝ የለኝም፣ ቃሉን እወደዋለሁ። ባለፈው ባጃጅ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች "47 ፕራይም ናት" "አይደለችም፣ ኮምፖዚት ናት" እየተባባሉ ሲከራከሩ እስከምወርድ ሰማኋቸው፣ ብቸኛ የሚል ቃል ካፋቸው አልወጣም፣ ቋንቋው ወደዛ ሄዷል፣ ቅር እያለኝም ቢሆን እቀበላለሁ። ልጅዎም ፕራይም ቢል አይቆጡት፣ ድብልቅ ካለ ግን ያርሙልኝ።